ከመጽሐፉ ማዶ የተቀመጡ

የአዳማ ወንድ ልጆች ጭንቅላት ከባቡር ሐዲድ ብረት የተሠራ ነው ብለው የኔታ ጥላዬ ከወሰኑ ዓመት አልፏቸዋል። ውሳኔው ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በልምጭ ተመርምሮ የተደረሰበት ነው።

ዘመኑ ሺ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነው። አዳማ ያኔ ምን ነበረች? ባቡር ጣቢያው፣ የጭነት ግቢው፣ አንድ መስመር ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። የኔታ ከቡልጋ ደጋ ወርደው እዚህ ሙቀት ውስጥ የገቡት ሀጂ ሳሊህ የሚባሉ የወሎ ነጋዴ «ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ፈልጉልኝ» ብለው ስላስጠሯቸው ነው። ሀጂ ቁርኣናቸውን በዐረብኛ አሳምረው ያነባሉ። አማርኛውን ግን ይናገሩታል እንጂ ቢጻፍ አያውቁትም። ከአቦምሳና ከደራ የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብላቸው ጸሐፊያቸው ነበር። «እኔ በሰው ዓይን እያየሁ አረጀሁ፤ ልጄ እንኳ በራሱ ዓይን ይይ» አሉና ከጭነቱ ግቢ አጠገብ ያለውን፣ ለንግድ የሚገዙትን ቆዳ የሚያከማቹበትን የቆርቆሮ መጋዘናቸውን ለትምህርት ቤት ሰጡ። የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ አማርኛ የሚያወራውም ኦሮምኛ የሚያወራውም ልጅ ገባበት።

ሴቶቹ ሦስት፣ ወንዶቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ሴቶቹ ዓመት ሳይሞላቸው ንባቡን ለቀም አደረጉት። የጣቢያው ዘበኛ ልጅ ሸዋወርቅማ የኔታ ሲያስነጥሱ እንኳ ሳታቋርጥ ገጹን ትጨርሰዋለች። ወንዶቹ ግን፣ አቤት! አንድ ላይ ሆነው ሲጮኹ መጋዘኑ ይነዋወጣል፤ ጣቢያው ድረስ ይሰማል። አንድ በአንድ ተጠርተው ከየኔታ ጎን ተቀምጠው «በል ይቺን አንብብ» ሲባሉ ግን ፊደሏን አይተዋት እንደማያውቁ እንግዳ ያፈጡባታል። የኔታም ልጆቹ አንድ ላይ ሲጮኹት የነበረው በቃል የተሸመደደ ነው ብለው ደመደሙ። ልምጩም ሥራውን ይሠራል።

መጽሐፏ አንዲት ናት። የኔታ ከአዲስ አበባ ያስመጧት፣ ፊደሉም ንባቡም ያለባት፣ ጠርዟ በቅባት የተለበጠች መጽሐፍ ናት። ጠዋት ጠዋት በየኔታ ፊት ምንጣፍ ላይ ትዘረጋለች። ሦስቱ ሴቶች ጭምት ስለሆኑ ከየኔታ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ወንዶቹ ቁንጥንጥ ስለሆኑ ከመጽሐፉ ማዶ፣ ልክ ልምጩ በሚደርስበት ርቀት ይደረደራሉ። ይህ ሥርዓት የኔታ ራሳቸው ያወጡት ነበርና በጣም ይኮሩበት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሀጂ ሳሊህ ሳይጠሩ መጡ። ልጃቸው ሽኩር፣ የአሥር ዓመት ቀልደኛ፣ ከየኔታ ጎን ተጠራ። የኔታ በስንደዶ አንድ ቃል አመለከቱት። ሽኩር አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቱ።

«ይሄኛው… በግ ይመስላል አባዬ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሀጂ አልሳቁም።

«ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ቆዳዬ ውጭ ፀሐይ ላይ እየተሰነጠቀ መጋዘኔን የሰጠሁት በግ እንዲያይልኝ ነው? በግማ ከቤቴም አለ!» መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ስሙኝ የኔታ። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ረመዳን ሊገባ ሲል ባለው ሐሙስ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ወንዶቹ ካነበቡ እሰየው። ካላነበቡ መጋዘኑ ቆዳ ይገባበታል፤ ልጆቹም ጆንያ ይሸከማሉ፤ እርስዎም ወደ ቡልጋዎ በደህና ይግቡ።»

የኔታ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ቡልጋ መመለሱ አይደለም ያስጨነቃቸው፤ ቡልጋማ ነፋሻ አገር ነው። የቆጫቸው ሌላ ነው። እነዚያን አሥራ አንድ አመለኛ ልጆች ይወዷቸው ነበር። በልምጭ የሚወድ ሰው ፍቅሩ አይታይለትም እንጂ ይወዷቸው ነበር። ጆንያ ተሸክመው ጎብጠው ማየት አንጀታቸውን በላው።

ሚስታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። ሳህኑን እያነሳች ጠየቀቻቸው።

«ሴቶቹን ያስተማራቸው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ወንዶቹንስ?»

«እኔው።»

«ታዲያ ምን ለያያቸው?»

«ወንድ መሆናቸዋ! የወንድ ልጅ ጭንቅላት…»

«እርስዎስ ምንድን ነዎት?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ከወንዶቹ ሰባቱ ከትምህርት ቀሩ። ባቡሩ ጭነት አውርዷል ማለት ነው። የኔታ ልምጫቸውን ይዘው፣ ጥምጥማቸውን አጥብቀው ወደ ጭነቱ ግቢ ገሰገሱ። በር ላይ ከተማሪዎቹ የአንዱ፣ የሆራ አባት ወዬሳ ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ አገኙት።

«አካም ጅርቱ የኔታ? ልጆቹን ፈልገው ነው? ከጆንያው ክምር ጀርባ ናቸው» አላቸው፤ ደግሞ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

የኔታ ከክምሩ ጀርባ ዞሩ። ዞረውም ደርቀው ቀሩ።

ሰባት መቀመጫ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ሰባቱም ልጆች ለጆንያው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ወገባቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በእግሮቻቸው መካከል ወደ ኋላ ያያሉ። በየጆንያው ላይ በጥቁር ቀለም የባለቤቱ ስምና የሚሄድበት አገር ተጽፏል። መሬት ላይ ደግሞ ከተቀደደ ቅርጫት የፈሰሰ ተምር ተቆልሏል።

«አቤት ድፍረት!» አሉ የኔታ በልባቸው። «ትምህርት መቅረት ሳያንስ መቀመጫ ያሳዩኝ?» ልምጩን አነሱ። የሚቀርበው የሽኩር ነበርና ወደሱ አነጣጠሩ።

«ሳ—ሊ—ህ! አ—ዳ—ማ!» ብሎ ጮኸ ሽኩር በእግሮቹ መካከል። አንድ ተምር አነሳና አፉ ውስጥ ጣለ።

«ራ—ህ—መ—ቶ! አ—ቦ—ም—ሳ!» አለ ሆራ ከጎኑ። እሱም ተምር አነሳ።

ልምጩ አየር ላይ ቀረ።

«ሞጆ! ያቺ ትንሿ ሞጆ ትላለች! እኔ ቀድሜያለሁ፣ ተምሩ የኔ ነው!»

የኔታ ጆንያውን አዩ። ሞጆ ይላል። እውነትም ሞጆ ይላል! ራህመቶም ራህመቶ ነው። ልጆቹ ያነባሉ። እንዴ! በሁለት ዓመት ያልወጣቸው ፊደል ተምር አይቶ ነው የወጣው?

«ሽኩር!»

ሰባቱም እንደ ተለቀቀ ጠፍር ተፈናጠሩ። ሽኩር ተምሩን ሳያላምጥ ዋጠው።

«ና። ቀና በል። ይሄን ጆንያ አንብብ።»

ሽኩር ቀና ብሎ ቆመና ጆንያውን አየ። አፈጠጠ። «አ… አላውቀውም የኔታ።»

«አሁን አንብበኸው አልነበር?»

«አዎ የኔታ።»

«እንግዲያው አጎንብስ።»

ሽኩር ሊመታ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ልምጩ አልወረደም። አንዱን ዓይኑን ገለጠ፣ በእግሮቹ መካከል ጆንያውን አየና «ሳሊህ፣ አዳማ» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀና በል።»

«እሺ።»

«አሁንስ?»

«አሁን የለም የኔታ።»

የኔታ ግራ ገብቷቸው ወደ ሌሎቹ ዞሩ። ሆራ ፈራ ተባ እያለ አስረዳቸው። «የኔታ፣ ቀና ስንል እኮ ጽሑፉ ይገለበጣል።»

የኔታ ተምሩንም ልጆቹንም ትተው ወደ መጋዘኑ ተመለሱ። የቀሩት ልጆች መምህራቸው ሲጠፉ ተበትነው ማንም አልነበረም። መጽሐፏ በቦታዋ፣ ወደ እሳቸው መቀመጫ ዞራ ተዘርግታለች። የኔታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፉ ማዶ ሄዱ፤ ሽኩር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ አጎንብሰውም አዩ።

ምንም አላነበቡም። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ፊደል ነው። «ሀ» ድልድይ ሆና ቁጭ ብላለች። «ተ» በአናቱ ቆሟል። አንዷን መስመር ለመጀመር ሞከሩ፤ ከየት እንደምትጀመር እንኳ ጠፋቸው። ለካ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዩት ይህን ነው! ተገልብጦ ያዩትን ፊደል ተገልብጦ እንዳለ ተምረውታል፤ ጥንቅቅ አድርገው ነው የተማሩት። ለፈተና ወደ እሳቸው ጎን ሲጠሩ ግን መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆንባቸዋል። ሴቶቹ የበለጡት በቦታ ነው። ወንዶቹን ያን ቦታ የነሳቸው ደግሞ የልምጩ ርዝመት ነው።

የኔታ በመጀመሪያ ሳቁ። ብቻቸውን፣ በባዶ መጋዘን፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ያ ሁሉ ግርፊያ ትዝ አላቸውና ሳቃቸውን አቋረጡ። «ደንቆሮውስ እኔ!» አሉ ጮክ ብለው። ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ።

ቤት ሄደው ሁሉንም ለአረጋሽ ነገሯት። አልሳቀችባቸውም። እንዲያውም «ዕድሜ ይስጣቸው፣ እርስዎን ለማስተማር ሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈጀባቸው» ብላ ተምር አቀረበችላቸው። የሳቀችው ቆይታ ነው፤ በማግስቱ ግን አልሳቀችም። የኔታ ክቧን የእንጨት ገበታዋን ይዘው ሲወጡ ደረሰችባቸው።

«ገበታዬን የት ሊወስዷት ነው?»

«ለትምህርት።»

«እንጀራውስ ምን ላይ ይቅረብ?»

«ሦስት ሳምንት በሰፌድ እንብላ አረጋሽ፤ እባክሽ!»

ገበታዋ በከሰል ጠቆረች። መሐሏ ተበስቶ በመጋዘኑ ምሰሶ ላይ በምስማር ተሰቀለች፤ እንደ መንኰራኩር ትዞራለች። የኔታ በኖራ አንድ ቃል ገልብጠው ጻፉባትና «ማነው የሚያነብ?» አሉ። አሥራ አንዱም ጮኹ። የኔታ ገበታዋን አንድ የጣት ርዝመት አዞሯት። አሁንም ጮኹ። ከዚያ በላይ ማዞር አልፈለጉም፤ ለዚያ ቀን በቃ። በማግስቱ አንድ ጣት ጨመሩ፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ልጆቹ ዓይናቸውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለማመዱ ገበታዋን ተከተሏት። አንድ ቀን የኔታ ቸኩለው ሦስት ጣት ቢያዞሩ ሁሉም ተደናበሩ፤ ሆራም «የኔታ፣ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ!» አለ። ወደ ኋላ መለሷት። ልምጩም አልተጣለም፤ የላይኛውን መስመር ማመልከቻ ሆነ።

ሌላም ነገር የኔታ ከጭነቱ ግቢ ተምረዋል፤ ወንዶቹ ሲቀመጡ ይተኛሉ፣ ሲሮጡ ይነቃሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ወደ ጆንያው ክምር ተዛወረ። «የደራውን ጆንያ መጀመሪያ የነካ!» ብለው ሲጮኹ ልጆቹ በአቧራ ይጠፋሉ። የኔታ ራሳቸው ዳኛ ሆነው ሲሯሯጡ ጥምጥማቸው ወድቆ ሁለት ጊዜ ተረገጠ።

«እኛስ?» አለች ሸዋወርቅ በሁለተኛው ቀን።

«እናንተማ ታነባላችሁ።»

«እንሮጣለን እንጂ!» አለችና ነጠላዋን አሸርጣ ገባች። በሦስት ዙር ሦስት ተምር ወሰደች። ወንዶቹ እንዲያ ሲቆጩ የኔታ አይተው አያውቁም። የዚያን ለት ሽኩር ቤት ሳይሄድ እስኪመሽ ጆንያ ሲያነብ ዋለ።

ከተማው ደግሞ ወሬ አላጣም። «የኔታ አብደዋል፤ ልጆቹን እንደ ግልገል ያስሯሩጧቸዋል» ተባለ። ወዬሳም ጆንያውን አውርዶ እየሳቀ፣ «የኔታ፣ ልጆቹ ተሸካሚ ሊሆኑ ነው ሲባል ሰምተን ነበር፤ እርስዎ ግን ቀድመው አለማመዷቸው!» አላቸው። የኔታ አልተቆጡም። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ገበታዋ ቀጥ አለች። አሥራ አንዱም ቀና ብለው ቆመው አነበቡ። የኔታ ያን ቀን ምሳቸውን ጠርገው በሉ፤ በሰፌድም ቢሆን።

ሐሙስ ሀጂ ሳሊህ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ወዬሳና ተሸካሚዎቹ ሥራ ትተው በሩን ሞሉት። የኔታ መጽሐፏን ከፍተው አቀረቡ።

«መጽሐፉ ይቅር» አሉ ሀጂ። «ሸምድደውት ይሆናል። ይሄውላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ከአቦምሳ ከወኪሌ ከራህመቶ ጭነት ጋር የመጣ ደብዳቤ። የበቆሎ ነገር ነው። ጸሐፊዬ ወባ ይዞት ተኝቷል፤ የሰው ዓይን አላረፈበትም። ይሄን ያነበበ አነበበ እላለሁ።» ሳጥን ላይ ተቀመጡና ወረቀቱን ፈቱት። የደብዳቤ አናት የቱ እንደሆነ ከጸሐፊያቸው ለምደዋል፤ አናቱን ወደ ላይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «ና ሽኩር። ከፊቴ ቁምና አንብብ።»

የኔታ ክው አሉ። ወረቀቱ ወደ ሀጂ ዞሯል። ልጁ ከማዶ ነው። ሦስት ሳምንት በጣት በጣት ያቀኑት ነገር ዛሬ መልሶ ተገለበጠ።

«ሀጂ፣ ወረቀቱን ለልጁ ቢሰጡት…»

«የንግድ ወረቀት ለልጅ አይሰጥም።»

«እንግዲያው ወደሱ ቢያዞሩት…»

«የኔታ! ዛሬ የሚፈተኑት እርስዎም ነዎት፤ ዝም ይበሉ!»

የኔታ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሽኩር ወረቀቱን አየ፣ ዞር ብሎም የኔታን አየ። አይዞዎት እንደማለት ፈገግ አለ።

«የኔታ፣ ይሄማ የድሮ ቦታዬ ነው» አላቸው።

ከዚያም እንደ ውኃ አወረደው።

«ይድረስ ለተከበሩ ለሀጂ ሳሊህ። ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። እርስዎ ደህና መሆንዎን ግን የምንሰማው ከበቅሎ ነጂ ነው።»

«ምን?» አሉ ሀጂ።

«ያቻምና ለረመዳን እመጣለሁ ብለው ቀሩ። አምናም እመጣለሁ ብለው ቀሩ። በየወሩ አሥር በቅሎ የሚልክ ሰው ባንዷ ላይ ራሱን መጫን እንዴት ያቅተዋል?»

በሩ ላይ የቆሙት ተሸካሚዎች አፋቸውን ያዙ። አንዱ ሽማግሌ ሳል እንደመጣበት ሆነ።

«ራህመቶ ነው እንዲህ የሚለኝ? ይሄ ውሸት ነው! ልጁ ከሆዱ እያወጣ ነው!» ሀጂ ወረቀቱን ነጠቅ አድርገው አነሱና ሆራ ፊት አቀኑት። «አንተ! አንተ አንብብ! የት ጋ ነው በቅሎ የሚለው?»

ሆራ ቀና ብሎ ቆመ። አንድም ፊደል አልሳተም። «በየወሩ አሥር በቅሎ የሚልክ ሰው ባንዷ ላይ ራሱን መጫን እንዴት ያቅተዋል?» አለና ሳይጠየቅ ቀጠለ። ከዚህ በታች ያለውን የጻፈው የአቦምሳ ጸሐፊ አክብሮቱ ሳይሰለቸው አልቀረም፤ የተነገረውን እንደ ወረደ ነበር ያሰፈረው። «ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ሦስት ጊዜ ላክሁብህ። ሦስት ጊዜ ተምር ላክህልኝ። ተምር ጣሪያ አይደፍንም! እኔ ዙለይካ…»

ዙለይካ የሀጂ ሚስት፣ የሽኩር እናት ናት፤ አቦምሳ ያለውን ቤት ይዛ የቀረች። ስሟ ሲጠራ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ወዬሳ ምሰሶውን ተደግፎ እንባውን ጠረገ።

«በቃ! በቃ!» ሀጂ ብድግ አሉ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ያነባሉ! አልሐምዱ ሊላህ ያነባሉ! መጋዘኑ የናንተ ነው፤ ቆዳው ይሰንጠቅ! አሁን ዝም በሉ!» ወረቀቱንም ማጠፍ ጀመሩ።

የኔታ እፎይ አሉ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ወረቀቱ ግን አልታጠፈም፤ የሽኩር እጅ ይዞታል።

«አባዬ፣ አልጨረስንም።» የቀልዱ ፊት ጠፍቷል። «የእማዬ ነው።»

ሀጂ ልጃቸውን አዩ። የንግድ ወረቀት ለልጅ አይሰጥም ያሉትን ወረቀት እጁ ላይ ለቀቁለት። ሽኩር አቃንቶ ያዘው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ።

«ሽኩርን ከዕቅፌ ወስደህ ፊደል አስቆጥረዋለሁ ስትለኝ ዝም ያልኩት ቢያነብልኝ ብዬ ነው። እስካሁን ካልቻለ ልጄን መልስልኝ። ከቻለ ይህን ለጸሐፊህ አትስጠው፤ እሱ ያንብብልህ።» እዚህ ላይ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አቀረበው። «ሽኩርዬ፣ የምታነበው አንተ ከሆንክ፣ ከፍ አድርገህ አንብበው። እናትህ እዚህ ሆና እየሰማችህ ነው።»

ሽኩር ያቺን የመጨረሻዋን መስመር እንደገና፣ ከፍ አድርጎ አነበባት። ከዚያ ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። የኔታ ጥምጥማቸውን ፈትተው መልሰው ጠመጠሙ፤ ሌላ የሚያደርጉት ነገር ጠፍቷቸው ነው።

«በቅሎ ጫኑልኝ» አሉ ሀጂ ድምፃቸው ተሰባብሮ። «ዛሬ ከሰዓት ወደ አቦምሳ እንሄዳለን፣ እኔም ልጄም። ቆርቆሮም ጫኑ።»

ሰዉ ተበተነ። የኔታ መጽሐፏን ሊያነሱ ሲያጎነብሱ ሀጂ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«የኔታ፣ በቅሎው እስኪጫን… ስሟን ብቻ ያሳዩኝ። ዙለይካ የሚለውን። ስሟን እንኳ ሳላነብ ፊቷ መቆም አፈርኩ።»

ከመጽሐፉ ማዶም ሊቀመጡ ቁጢጥ አሉ።

«ኧረ ከዚያ አይሆንም!» የኔታ ክንዳቸውን ያዙ። «ያ ቦታ ስንት እንደሚያስከፍል እኔ ነኝ የማውቀው። ወደዚህ፣ ወደ ጎኔ ይምጡ።»

ሀጂ ዞረው ከየኔታ ጎን ተቀመጡ። ሽኩርም ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ አባቱን ፍለጋ ሲገባ አያቸው፤ ያ ቀልደኛ ፊቱ ወዲያው ተመለሰ። ኖራውን አንሥቶ ገበታዋ ላይ የእናቱን ስም በትልቁ ጻፈና ልምጩን ከምሰሶው ሥር አነሳ። አባቱ አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ።

«ቀና ይበሉ፣ አባዬ» አላቸው።